ዜና ወጋየሁ ወደበበ፣ በሶዶ እንደ ተሰማ

ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ በወላይታ ሶዶ ተቀምጠን የሁለቱን ተዋንያን የወጋየሁ ንጋቱንና የደበበ እሸቱን ዜና እንጽፋለን። የደበበ ፊት ባሕር ተሻግሮ ታየ፤ የወጋየሁ ድምፅ እኛ ቤት ድረስ መጣ።

በ1957 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ፊልም ወጣ። የሀገራችን የመጀመሪያው ረጅም ታሪክ ፊልም እርሱ ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ፊልም እንደ ብርቅ ሆኖ ቆየ። የተዋናይ እንጀራው መድረክ ነበረ።

በ1965 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ማቴዎስ፣ ኤም ጂ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ከፊሉም የተቀረጸው በኢትዮጵያ ምድር ነበር። አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን፣ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነበሩ፤ ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫወተ። ነገሩ አፍሪካውያንን ለጉልበት ሥራ ወደ አውሮፓ ስለሚያሻግሩ የሰው ነጋዴዎች ነው። ዛሬ የወላይታና የሐድያ ልጆች በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ እያየሁ ያን ፊልም እንደ ተራ የድብድብ ጨዋታ ልቆጥረው አልቻልሁም።

በደርግም ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነበበ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ማንበብ ላልተማረው ሕዝብ ግን የወጣው በዚያ ድምፅ ነው። በሰፈራችን አንድ ሬዲዮ ነበረ፣ የጎረቤታችን የመምህሩ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው ለማታ ያቆዩት ነበር፤ በዚያ ቀን ልጆች እንዳይነኩት እንጠብቅ ነበር። ማታ የቡና ቅጠሉ ተፈልቶ፣ ቤቱ እስከ ደጁ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር።

አያቴ አማርኛ ጥቂት ብቻ ነበር የምትሰማው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከማስተማሪያዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ እርሷ ግን ዓይኗ ደክሞ ፊደሉን አልጨረሰችም። ስለዚህ ከጎኗ ቁጭ ብዬ የወጋየሁን ቃል በጆሮዋ ወደ ወላይትኛ እመልስ ነበር። የታሪኩን መንደር፣ የጎጃሙን ማንኩሳን፣ በዳሞታ ግርጌ ባለ መንደር መስዬ ነገርኋት፤ ሌላ መንደር አላውቅምና። ከመጽሐፉ ሰዎች ጉዱ ካሣ ሲናገር ፍጠን ትለኝ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ግን እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። ቁጣው ሳልተረጉመው ገብቷት ነበር። ሰብለ ወንጌልም ስትናገር ያው የአንድ ወንድ ጉሮሮ እንደ ሆነ ማናችንም አላሰብንም። ጌታና ሎሌ፣ ቄስና ኮረዳ፣ ሁሉም ከዚያ ጉሮሮ ወጡ፤ አንዱም ከአንዱ አልተምታታብንም። ፊልም ያላየን ሰዎች ፊልም ያየነው እንዲህ ነው፤ የተዋናዩን መልክ ግን ከእኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር።

ወጋየሁም በ1982 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዐረፈ።

ደበበም በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ከቅንጅት ፓርቲ ሰዎች ጋር ታሰረ፤ በ1999 ዓ.ም. ተፈታ፤ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻም ዳግመኛ ታሰረ፤ ተፈታም። በ2006 ዓ.ም. ባዚ ጌቴ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ እስራኤላዊ «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው ፊልሙ ዋናውን ሰው እንዲሆን አደረገው። ነገሩ ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተቀዳ ነው፤ ሰውየው መሰጋኒዮ ታደላ፣ የ74 ዓመት ሽማግሌ፣ ከኢትዮጵያ ከወጣ 28 ዓመት የሆነው፣ ዕብራይስጡ ያልቀናለት። ሚስቱ ስትሞት በየልጆቹ ቤት ይዞራል። ጥቂት ብቻ ይናገራል፤ የቀረውን ፊቱ ይናገረዋል። ከሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ሥራውን ነው። የልጆቹን ቋንቋ የማይሰማው ያ ሽማግሌ በልጆቹ ማዕድ ዙሪያ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ አያቴ በሬዲዮኑ አጠገብ የተቀመጠችበት አቀማመጥ ነው። እርሱ ግን ከጎኑ ቃሉን የሚመልስለት ልጅ አልነበረውም።

ደበበ እሸቱ በ2017 ዓ.ም. ዐረፈ። ያም ዘመን ዘመነ ማቴዎስ ነበረ።