ከቢቸና እስከ ሞጣ፦ ዓይን የሚመራው ፊት

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ኃጥእ አንድ። ይሁዳና የጌታ ገራፊዎች በጎን ሲሣሉ፣ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ወይም በትንሹ ዘወር ብለው ያያሉ። ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚያደርሰው መንገድ ይህን ሥርዓት ለማየት የተመቸ ነው።

ፊቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የቅንድቡ መስመር ሳይቋረጥ የአፍንጫውን ጎን ይዞ ይወርዳል። ዓይኑ የለውዝ ቅርጽ አለው፤ ጥቁሩ ብሌን ሰፊ፣ ነጩ ጎልቶ የሚታይ፤ አፉ ግን ትንሽ ነው። ከሰው ራስ ቅል ጋር የሚያስተያይ ሰው ምጥጥኑ ተዛባ ሊል ይችላል። ሠዓሊው የለካው ግን የአጥንቱን አቀማመጥ አልነበረም፤ የተሣለው ማን እንደሆነና ምእመኑን እንዴት እንደሚያይ ነው። 

ደብረ ወርቅ ማርያም ውስጥ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል እንዳለች በትውፊት ይነገራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አገር የገባው የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎንም በጎጃም ሥራ ትቷል። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520 አገራችን ሲመጣ ሠዓሊው ገና በሕይወት ነበር። ሥራዎቹን በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት አግኝታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጻፈችው ተመራማሪዋ ዳያና ስፔንሰር ናት። የውጭ ሰው እጅ ገባ ማለት ግን ሥርዓቱ ፈረሰ ማለት አይደለም። ኢየሱሳውያን ያመጡት የሮማዋ ማርያም ሥዕል እንኳ አቀማመጧ ተወስዶ ዓይኗ በአገሩ ልማድ ተሣለ። እዚህ ላይ የአገሬው ሠዓሊ ጥንካሬ ይታየኛል።

በጎንደር ዘመን ፊቱ ለሰለሰ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጉንጭና የዓይን ዙሪያ በቀይ ቡናማ ጥላ እየተሞላ መጣ። ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበሩና፣ በቤተ መንግሥቱና በምሥራቅ ጎጃም መካከል የነበረው መንገድ የዝምድናም ነበር።

ሙያው ከቅጽሩ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቢቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው አዲስ አበባ ገብተው ሥዕልን መተዳደሪያቸው አደረጉ፤ ሃይማኖታዊውንም ታሪካዊውንም በጨርቅ ላይ ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለሱ ፋውለር ሙዚየም ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ዐውደ ርእይ ተዘጋጀ። ለውጭ አገር ገዢም ይሁን ለአገሬው የሚሣሉት የአዲስ አበባ የዓድዋ ሥዕሎች አሮጌውን ደንብ አልጣሉትም፤ የምኒልክ ሠራዊት ሁለት ዓይኑን አሳይቶ ሲዋጋ፣ ጣሊያኑ በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይተኩሳል።