የጦር ጉዳት መዝገብ እርማት

የጦር ጉዳት መዝገብ እርማት፦ በውጊያ የቆሰለ ወታደር በግል ማኅደሩ ያልሰፈረ ወይም በስሕተት የሰፈረ ጉዳቱ እንዲስተካከልለት የሚጠይቅበት ሂደት ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በተለይ ከ1983 ዓ.ም. ጋር ይያያዛል፤ ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበትኖ 455 ሺህ ያህል ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ተመለሱ። ወታደርንና ፖሊስንም ያቀፈው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ ኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ በሥራ ለደረሰ ጉዳት የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት ይፈቅዳል። የጉዳቱን መጠን የሕክምና ቦርድ ይወስናል። ቦርዱ ጠባሳውን ይመዝናል እንጂ ቁስሉ በየትኛው ውጊያ እንደ ደረሰ የሚመሰክረው የጦር ክፍሉ ማስረጃ ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የጋሞ ዞን መዲና አርባ ምንጭ ለሚኖር አንጋፋ ወታደር ከባዱ ነገር ይህን ወረቀት ማግኘት ነው፤ ክፍሉ ለፈረሰበት ደግሞ ይብሳል።