የጭቃ ቤት ዕድሜ

ጭቃ ቤት ሁለት ጠላት አለው፤ የሚያፈስ ክዳንና የሚርስ እግር። ሁለቱን የተከላከለ ሰው ቤቱን ለልጅ ልጁ ያወርሳል። እኔ ጉለሌ የምኖርበትን ቤት አባቴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሠራው። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ይዣለሁ፤ ቆርቆሮ እደፍናለሁ፣ ግድግዳ እመርጋለሁ፣ የተቃጠለ ምጣድ እፈታለሁ። የሠፈር ልጆች ከኋላዬ «እትዬ ግንበኛ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነበር። የአዲስ አበባን ታሪክ በደንብ የተማርኩት ግን ግድግዳ ስፈታ ነው ብል የሥራ ባልደረቦቼ አይቀየሙኝ።

ከእግሩ ልጀምር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሰዉ ቤት ክብ ነበር፤ መሐሉን ምሰሶ ደግፎት፣ ዙሪያውን ቋሚ ተተክሎለት፣ ማገሩ በልጥ ታስሮ፣ ክዳኑ ሣር። እንጨቱ ጽድና ወይራ ነው። ጽድ መሬት ውስጥ ቢቀበርም ቶሎ አይበሰብስም፣ ምስጥም እንደ ሌላው እንጨት አይደፍረውም። ጉድለቱ እድገቱ አዝጋሚ መሆኑ ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩና ተከታዩ ሁሉ ቤት ሲሠራና ምድጃ ሲያነድ የእንጦጦ አካባቢ ደን በጥቂት ዓመታት ተመናመነ። ቀድሞ እንዲህ ሲሆን ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ነቅለው ሌላ ደን ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም 1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በመጨረሻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ሳትነቀል ቀረች።

ያተረፋት ባህር ዛፍ ነው። ከ1880ዎቹ አጋማሽ በኋላ መግባቱ ይነገራል፤ ስሙ አብሮ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ ነው። በጥቂት ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የከተማው ሰው ደኑን አሳድዶ መሰደዱን ትቶ ደኑን ጓሮው ተከለው። ስለ ባህር ዛፍ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ወይ ይወደሳል፣ ወይ ውኃ ጠጪ ተብሎ ይወቀሳል። የቤት ጠጋኝ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ባህር ዛፍ እንደ ጽድ አይደለም፤ መሬት ከነካበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከተማዋ ቶሎ የሚያድግ እንጨት ስታገኝ ቶሎ የሚያረጅ ቤትም አብራ ተቀበለች። አንዴ ሠርቶ መቀመጥ ቀረ፤ በየጊዜው መጠገን የቤት ባለቤትነት ግማሽ ሥራ ሆነ።

አባቴ ከመትከሉ በፊት የቋሚውን ጫፍ በእሳት ይለበልበው፣ ከዚያም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያጠጣው ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የተቃጠለ ዘይት አይቸግረውም። እንዲያም ሆኖ እግሩ መበስበሱ አይቀርም። ያኔ ወራጁን በደጋፊ እንጨት ወጥሮ ይይዝና የበሰበሰውን ቆርጦ ያወጣል፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባና ቋሚውን እላዩ ላይ ያሳርፈዋል። እኔም የምሠራው በዚያው ዘዴ ነው። ከቤቴ ቋሚዎች ውስጥ አንድም በመጀመሪያ እግሩ የቆመ የለም፤ ቤቱ ግን ቆሟል።

ቆርቆሮ በብዛት የመጣው አባቴ ዕድሜውን በፈጀበት የባቡር መስመር ነው። መጀመሪያ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ለመኳንንትና ለነጋዴ ብቻ ይደርስ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ መካከለኛው ሰውም ሣሩን እያወረደ ቆርቆሮ አለበሰ። እሳት ለሚፈራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሣር ክዳን ሠፈር አንድ ቤት ሲነድ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ግን ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ቤት ላይ አልገጥም አለ። ያን ጊዜ ግድግዳው ለክዳኑ ብሎ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ምሰሶው ከመሐል ወጣ፣ ልጡ በምስማር ተተካ፣ ቤቱም በክፍል ተከፈለ። ሳሎንና መኝታ ቤት ብለን የምንለያየው የቆርቆሮ ወረቀት በፈቀደው ስፋት ነው። ስለ ዘመናዊነት ስንት ወረቀት ሲጻፍ ይህን አንድ መስመር የሚሰጠው ሰው ማጣቴ ያናድደኛል።

ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ደንቡን ከአናጢ ይማራል። ምስማር በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። ከምስማሩ ራስ ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠች ክብ ጎማ ትገባለች። ዝገት የበሳውን ቦታ ሬንጅ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ይደፍኑታል፤ ጣሪያ ላይ ሲሄዱም ምስማሩ የተመታበትን መስመር፣ ከሥሩ ሞራሌ ያለበትን እየረገጡ ነው። ይህ ሁሉ ከሰኔ በፊት ያልቃል። ሐምሌ ላይ ጣሪያ የሚወጣ ሰው ወይ ቸግሮታል ወይ ሰንፎ ከርሟል።

ቆርቆሮ ደግሞ ይጮሃል፣ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያበርዳል። ለዚህ የተገኘው መላ ኮርኒስ ነው፤ ከወራጁ ሥር የተወጠረ አቡጀዲ። ያ ጨርቅ መጀመሪያ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር፤ በኋላ ጃፓኖች በዋጋ አሸንፈው ገበያውን ያዙት። ግድግዳው በበኩሉ በጋዜጣ ይለበጣል፤ ሙጫው በውኃ የተቀቀለ ዱቄት ነው። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር የከተማው ጭቃ ቤት የማያልቅ ልባስ አገኘ። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከአልጋዬ ራስጌ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችምና አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ለጥፋው ነበር፤ እኔም ተዘቅዝቆ የተጻፈ ማንበብ ቻልኩ። ፈተና ስጠብቅ ይህ ችሎታ በጣም ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ጭቃው። ጭቃ የሚንቅ ሰው አቡክቶት አያውቅም። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጭድ ይገባበታል፤ ከዚያ በእግር ይረገጣል፣ ቀናት ተከድኖ ይብላላል፣ እንደገና ይረገጣል። ሲበቃው ይሸታል፤ ሽታው የሚያስጠላው ሰው ሩቅ ይቁም። የጤፍ ጭድ ይመረጣል፤ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ጭቃውን ከውስጥ ጠፍሮ ይይዘዋል፣ ሲደርቅም እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ ማገሩ ይመረጋል፤ ያ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ቀጭኑ ልስን ይከተላል፤ በላዩ ላይ ኖራ። እናቴና ጎረቤቶቿ ልስኑን በእጃቸው መዳፍ ነበር የሚያለሰልሱት። በጥር ወር፣ ጭዱ ከአውድማ ሲመጣ፣ ሴቶቹ በየተራ ቤት ለቤት ይረዳዱ ነበር፤ ባለቤቷ ንፍሮና ጠላ ታቀርባለች። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ስለ ግቢው አዳራሽ ብዙ ጽፈውልናል። ከተማውን በመዳፋቸው የለሰኑት ሴቶች ግን አንድ ገጽ አልደረሳቸውም።

የእነዚህ ሴቶች ሌላው ግንባታ ማድቤቱ ነው። እሳት ስለሚፈራ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ይቆማል፤ ጭሱ እንዲወጣም ከላይ ማገሩ ሳይመረግ ክፍት ይተዋል። ምድጃውን በጭቃና በአመድ የምትሠራው፣ ጉልቻውን የምታስተካክለው፣ አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር የምታሟሸው የቤቱ እመቤት ናት። ዓይን የሚያጠፋው ያ ጭስ አንድ ውለታ ነበረው፤ ጥላሸቱ ወራጁን ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቶ ጭሱ ሲቀር ዓይናችን ዳነ፣ የማድቤታችን እንጨት ግን መነቀዝ ጀመረ። ሁለቱን ማግኘት አልተቻለም።

ያው ምጣድ ለእኔ ቢጤ ሰው ጥሩ መጫወቻ ነው። ሸክላው ከሥሩ በቦይ ተፈልፍሎ የምጣድ ሽቦ ይዘረጋበታል፣ ላዩ በጀሶ ይደፈናል። አንድ ቦታ ሲበጠስ ጀሶውን በጥንቃቄ ፈልፍሎ ሽቦውን መቀጠል ወይም መቀየር ነው። ሸክላው ያው የድሮው ሸክላ ነው፣ ማሰሻውም ያው። የሚያስፈራው ለጥቂት አምፖል ታስቦ በተዘረጋ የመብራት መስመር ላይ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሚጎትት ምጣድ መሰካቱ ነው። ለምጣዱ ለብቻው መስመር ያላስዘረጋ ሰው ቤት እንጀራ ሲጋገር እኔ ደጅ ቆሜ ነው የምጠብቀው።

የጣሊያንን አምስት ዓመት በአጭሩ ልለፈው። መርካቶን አሁን ባለችበት ቦታ ተከሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ አቆሙ፤ የመሣሪያ ሣጥናችንን በካቻቪቴና በፒንሳ ሞሉት። ሲሚንቶ ተራው ሰው እጅ እስኪገባ ግን ብዙ ቆየ። የአባቴ ቤት ሲሠራ ሲሚንቶ የነካው የበሩ ደፍ ብቻ ነው።

አባቴ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ያንኑ ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሠርቶ ነበር። አናጢው አንድ፣ ጭቃው አንድ ጉድጓድ፣ ቆርቆሮው በአንድ ጋሪ የመጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። ሁለቱ ክፍሎች ትርፍ ቤት ሆኑ። አዋጁ ለተከራይ ያደረገውን በጎ ነገር አልክድም፤ በኪራይ ሲሰቃይ የኖረ ሕዝብ ተንፍሷል። ግን ከጥቂት ብር ኪራይ ማን ቆርቆሮ ይገዛል? ተከራዩ ቤቱ የሱ አይደለም፤ ለመጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል። አባቴ ቤቱ ተወስዶበታል። ኪራይ ሰብሳቢው ቀበሌም ገንዘብ የለውም። ጣሪያው በአንድ ቦታ አፈሰሰ፣ ያ ውኃ ልስኑን አወረደው፣ ማገሩ ተገለጠ፣ ቋሚው በሰበሰ። የእኛ ወገን በየጥር ወሩ ተመረገ፤ የእነሱ ወገን በየክረምቱ ጎበጠ። በአንድ ግድግዳ ሁለት ፊት ላይ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ «ጭቃ ቤት ስለሆነ ፈረሰ» ሲባል ስሰማ አላምንም። በከተማው መሐል ያረጁት ሠፈሮች ያረጁት በጭቃቸው ሳይሆን የጥገናው ባለቤት በመጥፋቱ ነው። ለማሳያ የኔን ግድግዳ አቀርባለሁ።

አሁን የሚመጣው አደጋ ከሌላ በኩል ነው። ሰዉ ገንዘብ ሲያገኝ ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ጭቃን አይዝም፤ ወንፊት ሽቦ ቢመቱለትም ሳይቆይ ያብጥና እየተላጠ ይወርዳል። ሳይወርድ ከቆየ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ውስጥ አፍኖ ቋሚውን ያበሰብሰዋል፣ ከውጪ ሲታይ ግን ግድግዳው ያማረ ነው። ባለፈው ዓመት የጠራሁት ወጣት ለሳኝ ማንኪያውን ይዞ ግድግዳዬን አንኳኳና፣

«እማማ፣ ይሄን በሲሚንቶ ልድፈንልዎት፤ ዕድሜ ልክ አይነኩትም» አለኝ።

«የማልነካው ከሆነማ መበስበሱን በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

ሳቀ። ጭቃ ረግጦ እንደማያውቅ ግን ነገረኝ፤ ሥራውን የተማረው ኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተነሡት እነዚያ ሕንፃዎች ለባለዕድለኞቹ ያላለቁ ሆነው ነበር የሚደርሷቸው፤ ወለሉን የሚያነጥፈው፣ ግድግዳውን የሚጨርሰው ባለቤቱ ነው። እዚያ የጠጋኝነት አመል አልጠፋም፤ ቧንቧና ሮቶ ላይ ዞሯል። ልጁን ሱሪውን አስጠቅልዬ ጉድጓድ ውስጥ አስገባሁት። መጀመሪያ ተጸየፈ፤ በኋላ የጤፍ ጭዱ እንዴት እንደሚይዝ ሲያይ የጥያቄ ዓይነት ያዘንብብኝ ጀመር።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አሮጌው እንጨትና ቆርቆሮ ተጭኖ ወደሚሸጥበት መሄዱን ሰማሁና ልጁን ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። ከባህር ዛፉ ክምር ውስጥ አንድ የጽድ ቋሚ አገኘን፤ መሬት ውስጥ የነበረው ጫፉ በመጥረቢያ ሲነካ አሁንም ይሸታል። ሻጩ ለማገዶ ብሎ ነበር ያስቀመጠው፤ ዋጋውም የማገዶ ዋጋ ነው። ማድቤቱ ጥግ፣ ነቀዝ በበላው ቦታ ተከልነው። ዙሪያው ገና አልተመረገም። ጭዱን ከበቾ የሚያመጣልን ሰው ከጥር በፊት የለኝም ብሏል፤ ለሳኙም እስከዚያ በሲሚንቶ እንዳይደፍነው አስምዬዋለሁ።