የአገልግሎት ግዴታና የምስክር ወረቀት፤ ከ1957 እስከ 1971 ዓ.ም.

ጉቴ ከነቀምት በስተምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። እንደ ጉቴ ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው በሚገኙ የገበሬ መንደሮች ለማስተማር በየጊዜው የተሠማራው ወጣት በፈቃዱ መጣ ወይስ ደንብ አስገድዶት? ለዚህ ጥያቄ ከአዋጆች መግቢያ ይልቅ የተሻለ መልስ የሚሰጠው፣ የምስክር ወረቀቱ ለማንና ስለምን ይሰጥ እንደነበረ መመርመሩ ነው።

ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ እንደነበረ ይታወቃል። እነርሱ ፈቃደኞች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ግን ከዚህ ይለያል። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ አብዛኛውም በመምህርነት ይመደብ ነበር። እርግጥ ነው፣ ግዴታው የመምህራንን እጥረት አቃሏል፤ የከተማውን ልጅ ከገጠሩ ኑሮ ጋር አስተዋውቋል። ቢሆንም የአገልግሎቱ መዝጊያ የተማሪው ዲግሪ እንጂ የተማረው ሕዝብ ዕውቀት አልነበረም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ግዴታውን እጅግ አጠበቀው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ በጠቅላላው 60,000 ያህል ሰዎች ወደየገጠሩ ተላኩ። አልዘምትም ያለ ተማሪ ትምህርቱን የመቀጠልም ሆነ ሥራ የመያዝ ዕድሉ የተዘጋ ነበር። ወረቀቱ ከሽልማትነት ወደ ማለፊያነት ተለወጠ ማለት ነው። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ፊደል ሊያስቆጥር የወጣው ዘማች የገበሬ ማኅበር ሲያደራጅ ተገኘ። ለዚህ ሥራ አልሠለጠነም፤ በአንዳንድ ስፍራም ከአካባቢው ባለሥልጣን ጋር ተጋጨ፤ ብዙዎችም ጊዜያቸው ሳይፈጸም ጥለው ሄዱ። እስከ መጨረሻው የቆየው ዘማች ስለ መቆየቱ ማስረጃ ሊይዝ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ስንት ገበሬ ማንበብ እንደቻለ ግን ከዚያ ማስረጃ ማወቅ አይቻልም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከቀደሙት የሚለየው በዚህ ነጥብ ነው። ማይምነት 93 በመቶ ይደርሳል በሚባልበት አገር፣ የምስክር ወረቀቱ ተፈትኖ ላለፈው ጎልማሳ ይሰጥ ጀመር። ያላለፈው በማጠናከሪያው ዙር ይቀጥል ነበር። ዘመቻው በከተሞች ተጀምሮ ወደ ገጠር ስለተሸጋገረ፣ እንደ ነቀምት ያሉ ከተሞች ቀደሙ፤ በጉቴ ዙሪያ እንዳሉት ያሉ መንደሮች ተከተሉ። ትምህርቱ ከአማርኛ በተጨማሪ በኦሮምኛም መሰጠቱ ለወለጋ ታላቅ ጉዳይ ነበር። ነቀምት በኦሮምኛ ማንበብ መማርን ከዚያ በፊት ታውቀዋለች፤ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ወለጋ ተመልሰው ያስተማሩት በዚሁ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተዘጋጁት የኦሮምኛ መማሪያዎችም በዚያው ፊደል ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ።

ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት መቁጠር አንባቢን ከመቁጠር ይቀላል። ወረቀቱን የተቀበለው ገበሬ በየቀኑ የሚያነበው ጽሑፍ ከሌለው የተማረውን ይዘነጋል። በወለጋ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። የግዕዝ ፊደል የኦሮምኛን የአናባቢ ርዝመትና የተናባቢ ጥብቀት ለይቶ አያሳይም፤ ለዚህና ለሌሎችም ምክንያቶች በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ገብተው ቁቤ ተማሩ። በዘመቻው ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል አንብበው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት እናቶችና አባቶች ግን የልጆቻቸውን ደብተር ገልጠው ማንበብ አልቻሉም።