ስለ ቻይና ሸክላ ውበትና ስለ ሠራተኞቹ ድካም

የቡና መጠጫው ዕቃ ስኒ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነውና። ቻይናውያን ከነጭ አፈርና ከደቀቀ ድንጋይ የሠሩት ሸክላ ስስ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ፥ ሲመቱትም እንደ ደወል የሚጮኽ ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ ሲደነቅ ኖሯል። ይልቁንም በብርጭቆ ቀለም የተሣለው የሰብሳቢዎችን ልብ ይማርካል።

የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ጂንግደጀን ነው። በዚያ ወንጌል ይሰብኩ የነበሩ ፈረንሳዊው ካህን አባ ዳንትርኮል፥ ከክርስቲያን ሠራተኞች የተረዱትን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1712 ዓ.ም. በደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሰዎች እጅ ያልፋል፤ አንዱ አበባ፥ ሌላው ወፍና እንስሳ፥ ሌላው ተራራና ውሃ ብቻ ይሥላል። ዕውሮችና አንካሶች እንኳ ቀለም እየፈጩ እንጀራቸውን ያገኛሉ።

ዕቃው አስቀድሞ 1300 ዲግሪ ግድም በሚደርስ እሳት ይተኰሳል። ከዚያ በኋላ ከማዕድን ጋራ የተፈጨ ብርጭቆ ይቀባል፤ አረንጓዴውን መልክ መዳብ፥ በ1720 ግድም የተጀመረውን የጽጌረዳ መልክ ወርቅ ይሰጣል። ዳግመኛም 800 ዲግሪ ግድም ወዳለ እሳት ይገባል። እሳቱ ቢበረታ ቀለሙ ይፈሳል፥ ቢደክም ይደበዝዛል፤ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ካህኑ ከሠራተኞቹ የሰሙትን አንድ ተረትም ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሊሠራ የማይቻል ዕቃ ቢያዝ፥ ሠራተኞቹ ስላልተሳካላቸው ተደበደቡ። ከእነርሱ አንዱ ተስፋ ቈርጦ ራሱን ወደ እቶኑ ጣለ። እቶኑ ሲከፈት ዕቃው ያለ እንከን ተገኘ፤ ሟቹንም የእቶን ሠራተኞች እንደ አምላክ ያከብሩት ጀመር።

የዚህ ድካም ፍሬ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሲሄድ የነገሥታቱን ልብ ማረከ። የሳክሶኒያ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ ዳግማዊ አውግስጦስ በ1717 ዓ.ም. 600 ፈረሰኞች ለፕሩስያ ንጉሥ ሰጥቶ 151 የቻይና ሸክላዎች ተቀበለ። ከእነዚያ መካከል ያሉት በሰማያዊ ቀለም የተሣሉ ታላላቅ እንስራዎች በድሬስደን ከተማ ይታያሉ፤ እስከ ዛሬም በፈረሰኞቹ ስም ይጠራሉ።

ሰብሳቢ ዕቃውን ሲገዛ ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይመረምራል። ለቤተ መንግሥት በተሠሩት ላይ የሚያገኘው የንጉሠ ነገሥቱን የዘመን ስም ነው። አበባውን የሣለው፥ ቀለሙንም የፈጨው ዕውር በዚያ አልተጻፈም። የዕቃውን ዋጋ በእውነት ሊያውቅ የሚወድ ግን ያልተጻፈውንም ስም ያስብ።