መንገድና ባልንጀራ

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ብዙ ምክር አለበት። ተወዳዳሪ በሌለበት ሜዳ አንደኛ የወጣ ሰው ማንን ቀደምሁ ብሎ ይመካል? ባልንጀሮቹን ጥሎ ብቻውን የደረሰ ሰውስ ከዚህኛው በምን ይሻላል? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነቴ ከሠራሁት ጥፋት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከነታሪኩ ለወጣት አንባብያን መንገር ደግ መስሎ ታየኝ።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በግሪክ አገር በአቴንስ ከተማ የ10,000 ሜትር ሩጫ ይደረግ ነበር። እኛ በአንድ ክፍል የምንማር አምስት የቡታጅራ ልጆች ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ውስጥ፥ ከትልልቆች እግር ሥር ተቀምጠን እንመለከት ነበር። ኢትዮጵያን ወክለው የቀረቡት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፥ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ናቸው። ኃይሌ ይህንኑ ሩጫ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ አሸንፎ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን የተረከዙ ጅማት ታሞ ስለ ነበረ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከፊት ያሉት ሁለቱ ወጣቶች አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩት፤ አይተውም ርምጃቸውን ቀነስ አደረጉለት። ኃይሌም እንደ ምንም ደረሰባቸው። ኋላ ግን ሕመሙ ስለ በረታበት እንደ ገና ቀረ፤ አምስተኛም ሆኖ ገባ። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የኦሎምፒክን አዲስ ክብረ ወሰን አቁሞ ወርቁን ወሰደ፤ ስለሺም ብሩን ወሰደ።

በሻይ ቤቱ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ይህን አይተው እንባቸውን ሲጠርጉ፥ እኔ ግን በልቤ ሳቅሁባቸው። «የኬንያና የኡጋንዳ ሯጮች ከኋላ እያሉ ዞሮ ማየት ምን ይባላል? ሯጭ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አያይም» ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኋቸው። ሁሉም ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሲያልፍ የመስቀል በዓል ደረሰ። አምስታችን በቡታጅራና በቡኢ መካከል ባለው የመኪና መንገድ ላይ እንደ ትልልቆቹ ሯጮች ለመሽቀዳደም ተስማማን። ይህን ሐሳብ ያመጣው ከሁላችን ይልቅ ዝምተኛ የሆነው ጓደኛችን ነው። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ብር አዋጣን፤ ቀድሞ የደረሰ ዐሥሩን ብር እንዲወስድ ተነጋገርን። ከመካከላችን አንዱ ገንዘብ ስላልነበረው የእርሱን ድርሻ ያ ዝምተኛ ጓደኛችን ከፈለለት።

በማለዳ ተነሥተን ከከተማው ጫፍ ጀመርን። መስኩ በአደይ አበባ ተሸፍኖ ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የበርበሬ ማሳ ነው። እኩሌታውን ያህል እንደ ሄድን፥ እኔና ያ ጓደኛችን ከሌሎቹ ቀደም ብለን ጎን ለጎን ስንሮጥ፥ ክረምቱ ዳሩን በሸረሸረው ስፍራ ላይ እግሩ ከዳውና ወደቀ። ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሲጮህም ሰማሁ። ነገር ግን አልዞርሁም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፥ አሁን የሚቀድመኝ የለም ብዬ ደስ አለኝ፤ ርምጃዬንም ጨመርሁ።

መድረሻችን ብለን የቀጠርነው አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። እዚያ ስደርስ ያገኘሁት ፍየል የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። «አንደኛ ወጣሁ» አልሁት። «ከማን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ብቻዬን ቆይቼ፥ የሚመጣ ባጣ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ የወደቀውን ልጅ እየተፈራረቁ በጀርባቸው አዝለው ወደ ወጌሻ ሲወስዱት ደረስሁባቸው። አንዱ ዐሥሩን ብር ከኪሱ አውጥቶ ሳይናገር በእጄ አስቀመጠልኝ። ከዚያች ዐሥር ብር የበለጠ የከበደኝ ሸክም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ማታ ነገሩ በቤታችን ተሰማ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጠሩኝና በደጅ አስቀመጡኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፥ እርሳቸው ግን በለሆሳስ «ዛሬ የሮጥህበትን መንገድ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አዎን፤ የአዲስ አበባ መንገድ ነው» አልሁ።

«ማን ቀድሞ የደረሰበት ይመስልሃል?» አሉና የመንገዱን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር።

አጎቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው በሊስትሮነት ሠርተዋል። በዚያን ዘመን ከቡታጅራ አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በእግርና በአጋሰስ የሚያስኬድ ጉዞ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ወንዝ ሞልቶ መንገደኛውን ከዳር ያቆመዋል፤ በሽተኛም ሐኪም ሳይደርስ በቃሬዛ ላይ ይሞታል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፥ ነጋዴውም ተሸካሚውም ሊስትሮውም፥ በዕቁብና በዕድር በለመዱት ሥርዓት ተሰብስበው መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆች በወልቂጤ በኩል ወደ አገራቸው የሚገባውን መንገድ ለማሠራት ተነሡ። የሶዶ፥ የመስቃንና የአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ከዓለምገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ያዘ። ይህ መንገድ በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ተሻግሮ፥ በጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ አልፎ፥ በቡኢ በኩል ቡታጅራ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሆሳዕና ይቀጥላል። በከተማ ያለው በገንዘቡ፥ በባላገር ያለው በገንዘቡም በጉልበቱም ረዳ፤ መንግሥትም አገዘ።

አጎቴ ይህን ከነገሩኝ በኋላ «እኔ በወር የማዋጣት ሃምሳ ሳንቲም ነበረች፤ መርካቶ ሱቅ ያለው ዘመዳችን መቶ ብር ይሰጥ ነበር። ዛሬ የእኔ ሃምሳ ሳንቲም የትኛዋ ጠጠር እንደ ሆነች፥ የእርሱም መቶ ብር የትኛው ድልድይ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ሁላችን ባንድ ቀን ደረስን። አንተ አንደኛ ልውጣ ብለህ ባልንጀራህን የጣልህበት መንገድ አንደኛ የሌለበት መንገድ ነው» አሉኝና ተነሥተው ገቡ።

ይህ ነገር በልቤ ገብቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ መንገድ ባሰብሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ከተራራው ማዶ ያለው የእናቴ ወገኖች አገር ነው። እነርሱ በወልቂጤ በኩል በእዣ ይኖራሉ። በልጅነቴ ለበዓል ስንሄድ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ጀፎረው ነበር። ጀፎረ ማለት ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ በተሠሩት ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሙሽራ የሚሸኘው፥ ለቅሶ የሚቆመው፥ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው፥ ፈረስ የሚጋለበው፥ ልጅም የሚሯሯጠው በዚያ ላይ ነው። አጥሩን ገፋ አድርጎ ከጀፎረው አንድ ክንድ የቆረሰ ሰው በአባቶች ሥርዓት ይቀጣል። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ፥ ክስታኔ የጎርደና ሴራ የሚሉት የአባቶች ሕግ አላቸውና። እንግዲህ ጉራጌ የዓለምገናን መንገድ ለመሥራት በተነሣ ጊዜ አዲስ ነገር መጀመሩ አልነበረም፤ የጋራ መንገድን ማክበር ከአባቶቹ የወረሰው ነው።

የሯጮቻችንም ታሪክ ሲመረመር ይህንኑ ይመሰክራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ ማራቶንን ያለ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር ብዙ መንገድ ጎን ለጎን ከሮጠ በኋላ የተለየው፥ ፋሺስቶች ዘርፈው ወደ ወሰዱት ወደ አክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። የአበበን ስም የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት በዚያው ጎዳና ሌላ አበበ ሮጦ ሰባተኛ እንደ ወጣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። እርሱም የክቡር ዘበኛ ባልደረባው አበበ ዋቅጅራ ነው። አሠልጣኛቸው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሁለቱንም አንድ ላይ አሠልጥኗቸዋል። በየማለዳው ከጎኑ የሚተነፍስ ባልደረባ ባይኖረው አበበ ቢቂላ ያን ርምጃ ከየት ይለምደው ነበር?

ከስምንት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በሜክሲኮ ከተማ አበበ ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈበት እግሩ ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ለመቀጠል አልቻለም። ማሞ ወልዴ ኋላ እንደ ተረከው፥ አበበ ከመውጣቱ በፊት እርሱን አነጋግሮ፥ እኔ መጨረሴ አይቀናም፤ ድሉ የአንተ ነው ብሎ ለኢትዮጵያ እንዲያሸንፍ አደራ ሰጠው። ማሞም አደራውን ተቀብሎ ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፥ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ልብ አድርግ፤ ማሞ ባልንጀራውን ትቶ ሄዷል። ነገር ግን የሄደው አይቶት፥ ሰምቶትና ተመርቆ ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ወጣት «ታዲያ መቅደም ኃጢአት ነው? ሁሉ ባልንጀራውን ቢጠብቅ ማን ያሸንፋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። መቅደም ኃጢአት አይደለም። ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌን ጠበቁት፤ መጠበቃቸው ግን ወርቁንም ብሩንም አላሳጣቸውም። ማሞ አበበን አልጠበቀውም፤ አለመጠበቁም ክብሩን አልቀነሰውም። ኃይሌ ራሱ ባስጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፥ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር በተሮጠ ጊዜ፥ ዐሥር ሺህ ሰው ተሰልፎ አንደኛ የወጣው ኃይሌ ነበር። የቀሩትም ባልንጀራ ከባልንጀራው እየተጠራራ በደስታ ገብተዋል እንጂ ተሸነፍን ብሎ ያለቀሰ አልተሰማም። ስለዚህ ልዩነቱ በመቅደምና በመቅረት አይደለም፤ ዞሮ በማየትና ባለማየት ነው።

ይህን ያስረዳኝ ያው የወደቀው ጓደኛዬ ነው። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰንጥቆ ስለ ነበረ ብዙ ሳምንት ትምህርት ቤት የመጣው በምርኩዝ ነው። ዐሥሩን ብር ለወጌሻው ዋጋ እንዲሆን ለእናቱ ሰጠኋት፤ እርሷም ከምን እንደ መጣ ሳታውቅ መረቀችኝ። ምርቃቷም ከእርግማን ይልቅ አቃጠለኝ። ለእርሱ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ዓመታት አለፉ። ሁለታችንም ሰው ከሆንን፥ ትዳርም ከያዝን በኋላ፥ አንድ የመስቀል ሰሞን በዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠን ሳለ ነገሩን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔኮ በዚያን ጊዜ አልተቆጣሁህም፤ እግሬ እንደማይነሣ ስላወቅሁ፥ አንተ ሂድ፥ ግባ ልልህ ነበር። አንተ ግን አልዞርህም» አለኝ።

ወጣት ሆይ፥ ይህን ቃል ያዝልኝ። በትምህርት ቢሆን፥ በንግድም ቢሆን፥ በሹመትም ቢሆን፥ ከባልንጀሮችህ ጋር በአንድ መንገድ ትሮጣለህ። መንገዱን ያቀኑልህ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ናቸው። ጉልበት ከሰጠህ ቅደም፤ ግን ከኋላህ የወደቀ ድምፅ ስትሰማ አንገትህን መልስ። ምናልባት ቁምልኝ ይልህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቁም። ምናልባት ደግሞ ሂድ ብሎ ይመርቅህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለት እግር ሳይሆን አራት እግር ይኖርሃል። እኔ በአንዲት ማለዳ ዞሬ ባለማየቴ ያጣሁት ይህን ምርቃት ነው። ያ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው፤ በዓልም አብረን እንውላለን። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችን አብረን ሮጠን አናውቅም።