ኮርስ ሳያልቅ የሚወሰድ የኤምካት ሞዴል ፈተና፦ የሚነግረንና የማይነግረን

በአገራችን ሐኪም መሆን የሚሻ ተማሪ በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምናውን እዚያው ይቀጥላል። በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይማራል። በዚያው ጊዜ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮኬሚስትሪ ይወስዳል፤ ከዚያም ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ይፈተናል። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታም ሆነ በሲያትል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆቻችን ሁሉ ይህን ልዩነት አያውቁትም። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ሞዴል ፈተና ሞክሮ ዝቅ ያለ ውጤት ሲያመጣ «ሕክምና አልሆነለትም» ይባላል። ልጁም ያምናል። በዚህ ሰበብ መስመራቸውን የቀየሩ ጎበዝ ልጆች ገጥመውናል።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው በ2015 ሲሆን አራት ክፍሎችና 230 ጥያቄዎች አሉት፤ ጥያቄዎቹን መሥራት ብቻ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስዳል። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይታረማል፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። መነሻው ዜሮ አለመሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። «485 አመጣሁ» ሲባል የሰማ አባት ቁጥሩ ትልቅ ይመስለዋል። ልጁ ደግሞ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ 511 እና 512 አካባቢ መሆኑን ስለሚያውቅ ቅስሙ ይሰበራል። ኮርሱን ላልጨረሰ ተማሪ ግን ከሁለቱ አንዱም ትክክለኛ ንባብ አይደለም።

በመምህርነት ዘመናችን ሞዴል ፈተና የምንሰጠው ምዕራፉ ካለቀ በኋላ ነበር። ሳያልቅ ከተሰጠ ውጤቱ የሚለካው ተማሪውን ሳይሆን የቀረውን ምዕራፍ ነው። ኤምካትም እንዲሁ ነው። ባዮኬሚስትሪ ብቻውን በሁለት ክፍሎች፣ ማለትም በሥነ ሕይወቱም በኬሚስትሪና ፊዚክሱም፣ ሩብ ያህል ድርሻ አለው። ፊዚክስ ከኬሚስትሪው ክፍል ሌላ ሩብ ይወስዳል። ሁለቱን ያልተማረ ልጅ የዚያን ክፍል ግማሽ ያህል ገና አላየውም ማለት ነው።

ታዲያ ቀድሞ መሞከር ጥቅም የለውም ወይ? አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ምንም ኮርስ አይጠይቅም። ዘጠኝ ምንባቦች ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብና ከማኅበራዊ ጥናት ይቀርባሉ፤ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራል፤ መልሱ ሁሉ ከምንባቡ ውስጥ ነው። ቤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስልጥኛ ያደገ፣ እንግሊዝኛን ዘግይቶ የያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ነው። የኬሚስትሪ ጉድለት በአንድ ሴሚስተር ይሞላል፤ የንባብ ጉድለት ግን በአንድ ክረምት ሽምደዳ አይሞላም። ረዥምና አሰልቺ ጽሑፍ በየቀኑ ማንበብን፣ «ጸሐፊው እዚህ ላይ ምን እያለ ነው? በምን አስረዳ?» ብሎ መጠየቅን ይፈልጋል። (መድረሳ ውስጥ ኪታብ በመስመር በመስመር የቀራ ልጅ ለዚህ ትዕግሥት እንግዳ አይደለም።) ድክመቱን በመጀመሪያው ዓመት ያወቀ ሁለት ዓመት ያተርፋል። ስለዚህ ቀድሞ ለሚሞክር ተማሪ ምክራችን ካርስን ብቻ፣ ሰዓት ይዞ፣ እንዲሠራ ነው።

ሙሉውን መሞከር የፈለገም በማኅበሩ የተዘጋጁትን ሞዴሎች አይንካ። ቁጥራቸው ውስን ነው፤ ጥያቄዎቹን አንዴ ካያቸው በኋላ ለእውነተኛው ፈተና በሚዘጋጅበት ወር የሚያመጣው ውጤት አይታመንም። የግል አሠልጣኝ ድርጅቶች በነፃ የሚሰጡት አጭር መመዘኛ ይበቃዋል። ከመመዘኛው በኋላ ውድ ኮርስ ግዙ የሚል ጥሪ መከተሉ አይቀርም፤ ባልተማሩት ትምህርት ደንግጦ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። አቅም የሚያንሰው ቤተሰብ የማኅበሩን የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም ቀድሞ ይጠይቅ።

በምንም ምክንያት የማይደረገው ግን እውነተኛውን ፈተና «ለሙከራ» መቀመጥ ነው። የሞዴል ውጤትን ማንም አያየውም። እውነተኛው በዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። በመጨረሻ «ውጤቴ ይሰረዝ» ያለ ተማሪ ነጥብ ባይመዘገብበትም ሙከራው ይቆጠርበታል።

ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ ሙሉው ሞዴል ሲሠራ ሰላትም አብሮ ይለማመድ። ፈተናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይጀምራል። የ30 ደቂቃው ረዥም እረፍት 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ላይ ይውላል፤ ዙህር አልገባም። ቀጣዩ እረፍት 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን 10 ደቂቃ ብቻ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በበጋ፣ ማለትም በሰኔና በሐምሌ፣ ዐስር የሚገባው 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከፈተና ወጥቶ ዙህርን መስገድ ይቻላል። በጥር ግን ዐስር ፈተናው ሳያልቅ ይገባል፤ ዙህር የሚሰገደው በዚያች 10 ደቂቃ ነው። ወደ አዳራሹ ሲመለሱ የማንነት ማጣሪያ አለ፤ እሱም ከእረፍቱ ይቆረጣል። ስለዚህ ዉዱእ በረዥሙ እረፍት ይደረግ፣ የሚሰገድበት ጥግም ከቀኑ አስቀድሞ ማዕከሉን ጠይቆ ይታወቅ።